መምህርት ታደለች ስሟ እንዲሰረዝ ጠየቀችኝ

ዲላ፣ ሐሙስ፣ ግንቦት 14

በነጻ በሚገኙ መጻሕፍት ለሚያስተምሩ መምህራን ዩኒቨርሲቲያችን ነገ ምስጋና ያቀርባል። የተመስጋኞቹን ዝርዝር የያዝኩት እኔ ነኝና፣ የመጀመሪያዋ ተመስጋኝ መምህርት ታደለች ዛሬ ቢሮዬ መጣች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ስሜን ይሰርዙልኝ።»

«ምነው ልጄ? ከኢንተርኔት በነጻ ባገኘሽው ላይ የአካባቢያችንን የአሪቻን ቡና ማሳ ምሳሌ ጨምረሽ ያዘጋጀሽውን የአፈር ሳይንስ መጽሐፍ ተማሪው ሁሉ በስልኩ ያነበዋል እኮ!»

«ባልደረቦቼ ግን ‹ከኢንተርኔት ገልባጭ› እያሉ ይስቁብኛል። መድረክ ላይ ከወጣሁ የማዕረግ እድገቴን የሚያየው ኮሚቴም ይሰማል።»

ስጋቷ እውነት ነው፤ ኮሚቴው የሚቆጥረው መምህሩ ራሱ ከባዶ ተነስቶ የጻፈውን ብቻ ነው። እስከ ጠዋት እንዳስብበት ለመንኳት። ኮሚቴው የሚሠራበትን መመሪያ ያረቀቅሁት እኔ መሆኔን ግን ልነግራት አልደፈርኩም። ዝርዝሩ ፊቴ ተዘርግቷል፤ ስሟን እስካሁን አልሰረዝኩም።