ራሴ ያነበብኩት ጋዝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ኮምቦልቻ

ዛሬ ደሴ የእትዬ ዘይነባን ፍሪጅ ስጠግን ከጀርባው የተለጠፈውን ራሴ አነበብኩ፤ «አር 600 ኤ»። የዓለምን ሙቀት የማያባብሰው አዲሱ ጋዝ ነው፤ ግን እሳት ካየ ይቀጣጠላል። ቱቦውን ልበይድ ያወጣሁትን ላይተር ኪሴ ከተትኩና መስኮት ከፈትኩ።

«ምነው፣ ፈራህ እንዴ?» አሉኝ።

«ወላሂ እትዬ፣ የማታ ተማሪ አይፈራም፤ ያነባል!»

እስኪያስላቸው ሳቁ።

አምና ቢሆን ጂዳ ላለችው ባለቤቴ ለዘሀራ እደውል ነበር። «አንድ ቆልማማ፣ ከዚያ ሁለት እንቁላል» ብዬ የጽሑፉን ቅርጽ ስነግራት እየሳቀች ታነብልኛለች፤ ወሬውም ይረዝማል። ያለ ጉዳይ ስደውል ግን ሥራ ላይ ነኝ ብላ ትዘጋዋለች።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ እንደኔ ያለ አንባቢ የለም። ታዲያ ከእንግዲህ ምን ብዬ ልደውልላት?