የሚጢጢ ቅጠል

ጥቅምት 8
ዛሬ የወረቀት ዛፋችንን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሃያ ሦስት ልጅ፣ ሃያ ሦስት ቅጠል፣ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ልጅ ስም። ሙጫው ከወረቀቱ ይልቅ ፀጉራቸው ላይ በዛ። የክፍሉ ትንሿ፣ ሚጢጢ የምንላት፣ የራሷን ከለጠፈች በኋላ እየተመለሰች ስትነካው ዋለች። አሁን ያለችው አክስቷ ጋ ነው... በአንድ ዓመት ሦስተኛ ቤቷ። ታሳዝነኛለች።

ታኅሣሥ 14
የግቢው ዛፍ ቅጠሉን ጨረሰ። የወቅቶች ትምህርት እንዲገባቸው ብዬ የእኛንም የወረቀት ዛፍ አረገፍኩት። ቅጠል በወደቀ ቁጥር ሳቅ በሳቅ። ጠርገን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተትን። ዳይሬክተሯ በር ላይ ቆማ አይታ አመሰገነችኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ታኅሣሥ 15
ሚጢጢ ቀረች።

ታኅሣሥ 16
ዛሬም። አሟት ይሆን?

ታኅሣሥ 17
ከሥራ ስወጣ አክስቷ ቤት ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት። ሚጢጢ አላመማትም። ቦርሳዋን አቅፋ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ሥር ተቀምጣለች።
«ስሜን ጠርገው ጣሉት፣ ሌላ ቤት ሊወስዱኝ ነው ትላለች» አለችኝ አክስቷ። «እኔም ምን አጥፍታ ይሆን ብዬ... አፍሬ ነው ያልመጣሁት።»
አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። እኔ ነኝ ያቺ። የልጅ ስም መሬት ጥዬ፣ በመጥረጊያ...
ማንም እንዳላባረራት ነገርኳት። ሌላ ቅጠል ይበቅላል ብላት፣ «እሱ እኔ አይደለሁም» አለች። እውነቷን እኮ ነው።

ታኅሣሥ 18
ቀድሜ ገብቼ ስማቸውን ሁሉ የወረቀቱ ዛፍ ቅርንጫፎች ላይ በማርከር ጻፍኩ። ሚጢጢ የአክስቷን ቀሚስ ይዛ መጣች። ሁላቸውንም ወደ ግቢው ዛፍ ወሰድኳቸው። ዘበኛው አንድ ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጎ ያዘልን፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ጠንካራ እንቡጥ በየተራ ነኩ። ቅጠል ይሄዳል፣ ቅርንጫፍ ይቆያል አልኳቸው። ከዚያ ክፍል ገብተው የየራሳቸውን ስም ፈለጉ። ሚጢጢ ስሟን በጥፍሯ ፋቀችው። አልለቀቀም። ደግማ ፋቀችው። ቦርሳዋን አውርዳ ወንበሯ ላይ ሰቀለች።

ሚያዝያ 6
የግቢው ዛፍ ለምልሟል። እኛም አዲስ ቅጠል ለጠፍን። መስኮቱን ክፍት ትቼው ኖሮ ነፋሱ አንዱን ጣለው። ከስንቱ መርጦ የሚጢጢን! ላነሳው ብድግ አልኩ። እሷ ሄዳ አነሳችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።
«ቲቸር፣ መቀስ ስጪኝ» አለች። «ሌላ እቆርጣለሁ።»