የብራንስኮም አምስት ልጆች

ጁን 5፣ ሰኞ

ዝናብ። ባሱ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘገየ። የሒሳብ ፈተና ሃያ ሦስት ከሃያ አምስት... ሁለቱን የጣልኩት ቸኩዬ ነው። እማዬ የከሰዓት ሺፍት ስለነበራት ፓስታውን አባዬ ሠራ። አረረ። ሁላችንም ዝም ብለን በላን።

በአማርኛ የምጽፈው እህቴ ሲሀም እንዳታነበው ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ መሳቢያዬን ትበረብራለች፣ ፊደል ግን አትለይም። እኔን ፊደል ያስጠናኝ ታላቅ ወንድሜ ናሲር ነው። አውስትራሊያ መጥተን ሆፐርስ ክሮሲንግ ከገባን ጀምሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በግድ። «ያንተ ቀ ዶሮ ይመስላል» ይለኝ ነበር።

ናሲር ከሄደ አራት ወር ሊሞላው ነው። ፌብሩዋሪ 15፣ ኳስ ሜዳ ላይ። ልቡ ነው አሉን። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔ አሥራ ስድስት ነኝ።

ዛሬ ከክፍል ስወጣ የታሪክ አስተማሪያችን ሚስ ፓርከር ጠራችኝ። ናሲር የጀመረው ጽሑፍ ለትምህርት ቤቶች የታሪክ ውድድር ነበር። ጁላይ 28 ይዘጋል። ሁለት ተማሪ በጋራ ማስገባት ይቻላል። «ታስገባዋለህ?»

ላስብበት ማለት እችል ነበር። አላልኩም። «አስገባዋለሁ» አልኳት።


ጁን 7፣ ረቡዕ

የናሲርን ካርቶን ከቁም ሳጥኑ አወረድኩት።

መጽሐፉ ከላይ ነው። ዌሪቢ ቤተ መጻሕፍት ሊጥላቸው ካወጣቸው አሮጌ መጻሕፍት መሐል ያገኘው። ሰሜን እንግሊዝ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ነው። የመቶ ዓመት ተማሪዎች ስም፣ የወጡበት ዓመት፣ የሆኑት ነገር። ቄስ፣ ወታደር፣ ሻይ ነጋዴ... ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ገጽ አንብቦ ይተወዋል። ናሲር ሁሉን አነበበው። የፓርላማ አባል የሆኑትን በእርሳስ አሰመረባቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው።

ለምን? እሱም ሊገባ ነዋ። ስፕሪንግ ስትሪት ያለው ፓርላማ ፊት ለፊት ትራም ስንጠብቅ፣ «እነዚህም አንድ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እርሳሳቸውን ሲያኝኩ ነበር። ከአግዳሚው እስከዚያ ወንበር ያለውን መንገድ ነው ማወቅ የምፈልገው» አለኝ።

አሥራ አንድ ገጽ ጽፏል። በእጁ። መደምደሚያውንም ጨርሷል። የቀረው ምንጮቹን መዘርዘርና አንዳንድ ዓመተ ምሕረት ማጣራት ነው። ቀላል ነው... እጨርሰዋለሁ።


ጁን 10፣ ቅዳሜ

ጋሽ ዘርአይ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። የናሲርን ጽሑፍ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አድርገው አነበቡ።

በጣም የወደዱት ሁላችንም የምንወደውን ነው፣ የብራንስኮምን ልጆች። ኤድመንድ ብራንስኮም፣ ሮበርት ብራንስኮም፣ ሁበርት ብራንስኮም፣ ጆርጅ ብራንስኮም፣ ሳሙኤል ብራንስኮም። አምስት ወንድማማች፣ አምስቱም ፓርላማ። የመጀመሪያው በ1859፣ የመጨረሻው በ1906።

«አባትየው ቤት ማን ቀረለት?» አሉ ጋሽ ዘርአይ።

«በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አርባ ሰባት ዓመት አለ እኮ» አልኳቸው።

«ምን አለበት? የእኔ አያት የመጨረሻ ልጃቸውን ሲወልዱ ሰባ አልፏቸው ነበር። ሁለት ጊዜ አግብቶ ይሆናል።»

ናሲርም እንደዚያው ነው የጻፈው። «አባታቸው ሁለት ጊዜ ሳያገባ አይቀርም» ብሎ።

አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ «መጨረሻውን አንብብላቸው» አለኝ። በቃሉ ያውቀዋል። ናሲር ጃንዋሪ ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰ አንብቦለት ነበር። ተረጎምኩላቸው። «አንድ አባት አምስት ልጆቹን ፓርላማ ካስገባ፣ ምስጢሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ የተቀበለው የተዘጋጀ ልጅ ነው። የብራንስኮምን አባት ስም ታሪክ አልመዘገበውም። እኔ ግን አመሰግነዋለሁ።»

አባዬ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።


ጁን 13፣ ማክሰኞ

ትናንት በዓለም ዋንጫ አውስትራሊያ ጃፓንን ሦስት ለአንድ አሸነፈች። ትምህርት ቤቱ አብዷል። እኛ ቤት ቲቪው አልተከፈተም።


ጁን 19፣ ሰኞ

ደብዳቤ። ከእንግሊዝ።

ፖስታው ላይ «ሚስተር ናሲር መሐመድኑር» ይላል።

ጃንዋሪ ላይ ለትምህርት ቤቱ ጽፎ ኖሯል... አልነገረኝም። ቤት ሳልገባ በሩ ላይ ቆሜ ፖስታውን ከፈትኩት። ልክፈት አልክፈት አላልኩም። ማን ሊከፍተው ነው?

የድሮ መዝገባቸውን የምትጠብቅ ሚሲስ ፌርሊ የምትባል ሴት ናት። ታምማ ስለዘገየች ይቅርታ ትጠይቃለች። «የአምስቱ ብራንስኮሞች አባት ማነው?» ብሎ ነው የጠየቃት። መልሷ ይኸው፦

አንድ አባት የላቸውም። ሮበርት የኤድመንድ ልጅ ነው። ሁበርት የኤድመንድ ወንድም ነው። ጆርጅ የሮበርት የአክስት ልጅ ነው፣ ርስት ለመውረስ ብሎ የእናቱን ወገን ስም የወሰደ። ሳሙኤል ደግሞ ከነሱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስሙ ብቻ ነው የተገናኘው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ፊቴ ጋለ።

ብራንስኮም የአባት ስም አይደለም። የቤተሰብ ስም ነው! ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ። እኛ ሁለተኛ ስም ስናይ አባት ነው የሚታየን። ናሲር መሐመድኑር፣ የመሐመድኑር ልጅ። ኤድመንድ ብራንስኮም፣ የብራንስኮም ልጅ። በቃ። ናሲርም፣ አባዬም፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ጋሽ ዘርአይም፣ እኔም። ስድስት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ። አንዳችንም ቆም አላልንም።

ማታ ለሲሀም ዝርዝሩን ሰጠሁና «እነዚህ ሰዎች ምንና ምን ናቸው?» አልኳት።

«ሃው ሹድ አይ ኖው? ዜይ ጀስት ሃቭ ዘ ሴም ላስት ኔም።» እኔ በምን አውቃለሁ፣ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው ብቻ ማለቷ ነው። ቀና እንኳ አላለችም።


ጁን 22፣ ሐሙስ

ለሚስ ፓርከር ደብዳቤውን አሳየኋት። የናሲርን ሙሉ ጽሑፍ አላነበበችም ነበር፣ እቅዱን ብቻ ነው ያየችው። አሁን አነበበችው። ዓይኗ ቀላ።

«እንዳለ ብናስገባው ማንም አይወቅሰውም» አለችኝ። «ዳኞቹ ሁኔታውን ያውቃሉ። መታሰቢያ ይሆናል።»

አልፈልግም አልኳት። ወዲያው ነው ያልኩት፣ ከአፌ ሲወጣ ልክ እንደሆነ አውቄያለሁ። ናሲር ባለጌ እንኳ ሲሰድበው ይከራከር ነበር እንጂ እዘኑልኝ ብሎ አያውቅም። እያዘኑ እንዲያጨበጭቡለት አልፈቅድም። እንደማንኛውም ተወዳዳሪ ይነበብ።

«እንግዲያው መታረም አለበት» አለች።

አዎ። ግን አምስቱን ወንድማማች ስታወጣ መደምደሚያውም አብሮ ይወጣል። የአባዬ አንቀጽ።


ጁን 25፣ እሑድ

ለአባዬ ነገርኩት። እማዬም ነበረች።

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ተረጎምኩለት። ከዚያ «አትንካው» አለ።

«አባዬ፣ ስህተት ነው እኮ።»

«የእጁ ጽሑፍ ነው። ሌላ ምን አለኝ?»

«በስሙ ስህተት ሊገባ ነው።»

«በስሙ የሚገባው እሱ የጻፈው ነው። አንተ የራስህን ጻፍ።»

እማዬ «መሐመድኑር፣ ልጁ እኮ ደክሞበታል» አለችው። «የደከመበትማ ናሲር ነው» ብሎ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ዱዓ ሊያደርግለት መቃብሩ ጋ ሄዶ ነው፣ ሲመለስ ጫማው ላይ ጭቃ ነበር።

ተናድጄ ነበር። አሁን አይደለሁም። ግን ልክ ነኝ። እሱ አዝኗል፣ እኔም አዝኛለሁ። ስህተቱ ግን ስህተት ነው።


ጁላይ 8፣ ቅዳሜ

ትምህርት ዝግ ነው። አባዬ ቅዳሜ ስለሚሠራ ባሶቹ የሚጠገኑበት ዲፖ አብሬው ሄድኩ። «ና፣ ቤት ተቀምጠህ አትበስብስ» ብሎኝ ነው። ስለ ጽሑፉ ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም።

የባስ መካኒክ ነው። ጠዋት የሥራ ባልደረባው ጉርሜሳ የጀመረውን ባስ ተረከበ፣ የፊት ፍሬን። የሥራው ወረቀት ላይ ጉርሜሳ «ተጠናቋል» ብሎ ፈርሟል። አባዬ ግን ጎማውን አውልቆ አየው። ቀኝ በኩል አንድ የላላ ብሎን አገኘ። አጠበቀው። ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ «ተጠናቋል» የሚለው ላይ አንድ መስመር ሳበ። አንድ ቀጭን መስመር፣ ከሥሩ ያለው ይነበባል። ከታች የሠራውን ጻፈ፣ ስሙን ፈረመ።

«ሌላ ወረቀት ለምን አትሞላም?» አልኩት።

«እሱ የሠራውማ ይታይ። ሦስቱን አጥብቋል፣ አንዷ ነች ያመለጠችው።»

«አይቆጣም?»

«ማን፣ ጉርሜሳ? ባሱ ሰው ይጭናል። የሱን ስሜት ተሸክሞ አይደለም የሚሄደው።»

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ... በጣም ቆየ። ወረቀቱን እንደገና አየው።

«ስንት ቀን ቀረህ?» አለኝ።

«ሃያ።»

«በእርሳስ አይሆንም። በእስክሪብቶ አድርገው።»


ጁላይ 9፣ እሑድ

አንድ መስመር። በማስመሪያ። የናሲር ቃል ሁሉ ከሥሩ ይነበባል።


ጁላይ 20፣ ሐሙስ

አራት ገጽ ጨመርኩ። ሠላሳ አንዱን እንደገና ደረደርኳቸው፣ አሁን በየቤተሰባቸው። አባቱ፣ አጎቱ ወይም አማቹ ፓርላማ የነበረ ሃያ ሁለት ሰው ወጣ። የናሲር ጥያቄ ትክክል ነበር፣ መልሱ ነው የተሳሳተው። አብዛኞቹ ያንን መንገድ አልሄዱበትም፣ ተወልደውበት ነው።

ከዚያ ሳሙኤል አለ። ሚሲስ ፌርሊ በደብዳቤዋ ስለሱ ግማሽ ገጽ ጽፋለች። አባቱ የዚያው ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በሩን ከፍቶ ዘግቷል። ልጁን ያለ ክፍያ አስገቡለት። ሳሙኤል ከትምህርት ቤት ወጥቶ ባቡር ጣቢያ ተቀጠረ፣ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆነ፣ በ1906 ፓርላማ ገባ። አራት ዓመት ቆይቶ ተሸነፈ። ፎቶ የለውም።

ናሲር ይህን ቢያገኝ ኖሮ... ሌሊት ቀስቅሶ ይነግረኝ ነበር። ተኛ እለው ነበር።

አዲሱን መደምደሚያ በሳሙኤል ጨረስኩ። ማንንም አላመሰገንኩም። የሄደበትን መንገድ ብቻ ጻፍኩ፣ ከየት እስከ የት።

አባዬ ሲመጣ ገጾቹን ሰጠሁት። የተሰረዘውን አንቀጽ ወደ መብራት አስጠጋው።

«ይነበባል» አለ።


ጁላይ 27፣ ሐሙስ

ገባ። ከፊት ገጽ ላይ ሁለት ስም፣ አንዱ ከሌላው ሥር። ናሲር መሐመድኑር። አብዱልራህማን መሐመድኑር። ሚስ ፓርከር «ወንድማማች መሆናችሁን ልጻፍበት?» አለችኝና ራሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ጻፈችበት።


ኦገስት 18፣ ዓርብ

ከተመረጡት ስድስት ሥራዎች አንዱ የኛ ነው። ዛሬ በአዳራሽ አቀረብን... አቀረብኩ። ሰባት ደቂቃ። ወረቀት አላየሁም።

አንዱ ዳኛ፣ ሽማግሌ፣ «ለምን አጽድተህ አልገለበጥከውም? ስህተቱን ማን ያውቅብህ ነበር?» አለኝ።

«ወንድሜ ሲሳሳትም አስቦ ነው» አልኩት። «በእኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ስህተቱን ካላያችሁ እንዴት እንዳሰበ አታዩም። እርማቱ ደግሞ የኔ ነው፣ እሱም ይታይልኝ።»

ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ የወጣችው ልጅ ስለ አንድ ጎርፍ ነው ያቀረበችው፣ በእርግጥ ትበልጣለች።

ግን መጻፍ የፈለግሁት ይህን አይደለም። ዳኞቹ «ከታዳሚው ጥያቄ አለ?» ሲሉ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። አባዬ ነው። ከዲፖ ቀጥታ ነው የመጣው፣ የሥራ ጃኬቱን አላወለቀም። እንኳን በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛም ሰው ፊት ተነስቶ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ቀስ ብሎ። «ያ ዘበኛ... ልጁ ፓርላማ ሲገባ፣ አባትየው በሕይወት ነበር? አይቶታል?»

እማዬ ጉልበቷን አየች።

ብዙ መልስ መስጠት እችል ነበር። የሚያጽናና። «አላውቅም» አልኩት። «እጠይቃለሁ።»

ራሱን ነቀነቀና ተቀመጠ።


ኦገስት 20፣ እሑድ

ለሚሲስ ፌርሊ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦

«ደብዳቤዎ ደርሶናል። የጻፉለት ወንድሜ ናሲር ፌብሩዋሪ ላይ ሞቷል። ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ብራንስኮሞቹ ወንድማማች አለመሆናቸውን አርመናል፣ አንድ ቅጂ ልኬልዎታለሁ። አሁን ስለ ሳሙኤል አባት አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጁ በተመረጠበት ዓመት በሕይወት ነበር? ከነበረ፣ በሩ ላይ እየሠራ ነበር ወይስ ጡረታ ወጥቶ?»

ሞቷል ብዬ ስጽፍ እጄ ቆም አለ። ከዚያ ቀጠለ።

አባዬ ነገ ወደ ሥራ ሲሄድ ፖስታ ቤት ሊጥልልኝ ፖስታውን ተቀበለኝ። አገላብጦ አየው።

«የላኪ ስም የማንን ጻፍክ?»

«የኔን።»

አነበበው። በጃኬቱ የደረት ኪስ ከተተው፣ ዚፑን ዘጋ።