ባቄላ የምታክለው ነጥብ

ቡዳፔስት፣ ኅዳር 1979

ሸምሴ፣ አካም ጅርታ?

የካርዱን የድልድይ ፎቶ ተዪውና ዛሬ ያየሁትን ስሚ! ለነርስነት ሥልጠና በመጣሁበት ሆስፒታል፣ ልክ እንደ አባትሽ እንደ ሐጂ ራሺድ አንደበታቸው የተያዘ አንድ ሽማግሌ ባቡር ነጂ አሉ። ቀለበት የመሰለ ትልቅ ራጅ ውስጥ አስገቧቸውና ጭንቅላታቸውን ያለ ቢላ እንደ ዳቦ እየቆረሰ ፎቶ አነሳው! መብራት ባለው መስተዋት ላይ ሲሰቅሉልን፣ በግራ በኩል ባቄላ የምታክል ጥቁር ነጥብ ብቻ ናት። የቀረው ሁሉ ንጹሕ! ሐኪሟ «የምንላቸውን ይሰማሉ፤ ቃሉ ነው አልወጣ ያላቸው» አለችን። ስማቸውን ስትጠይቃቸው ላብ አጠመቃቸው። እጇን ዘርግታ «ደህና አደሩ?» ስትላቸው ግን ጥርት አድርገው «ደህና አደርሽ» አሏት! እኔ «ያ ረቢ!» ብዬ ጮኼ ሰው አስደነገጥኩ።

እኛስ ነገሌ ምን አደረግን? ሐጂ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው፣ ገበያተኛው ሁሉ እሳቸውን አልፎ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» እያለ አንቺን ይጠይቃል። «አእምሯቸው ሄዷል» ያልኩሽም እኔው ነኝ፣ ያውም ነጭ ጋዋን ለብሼ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! የሳቸውን ፎቶ አላየሁም፤ ግን ልቤ አላርፍ አለ።

ካርዱ አለቀብኝ። ለከሚላና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለሐጂ ግን ዝም ብለሽ አታድርሺ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ፣ እጃቸውን ያዢና እንደ አገራችን ሰላምታ «ናጋ?» በያቸው። እባክሽ፣ አንቺ እንዳትመልሺላቸው። ጠብቂ።

ዲንኪቱ