ያልተናገርኩባቸው አምስት ካርዶች

ውድ ታናሽ እህቴ፣

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርሽ፤ ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ ወሬ አብዝቼ እሸሸዋለሁ። ጠፍቶ ከትምህርት ቤት ያስባረረሽ ያ መጽሐፍ መንገድ ላይ አልወደቀብሽም። እኔ ጋ ነበር። አንቺ እንድትማሪ፣ እኔ ቤት እንድቀር ሲወሰን ቅናቱ አላስተኛ ብሎኝ ከቦርሳሽ አውጥቼ ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። አንቺ እያለቀስሽ ስትፈልጊው አብሬሽ እፈልግ ነበር። ማንበብ የተማርኩት በእሱ ነው።

አሁን እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጅሽስ በረታች? እኔ ደህና ነኝ፤ አካሌ ማለቴ ነው። ከራሴ ጋር ከተጣላሁ ግን ሳምንቱ ነው።

ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ እየወለወልኩ እንደምኖር ታውቂያለሽ። ወደ መጽሐፍ ማዋሻው ለመዛወር የኮሌጁን የቅዳሜ ኮርስ መጨረስ አለብኝ። በግሌ ተፈትኜ ገባሁ። ፈተና አያስፈራኝም። ያንገበገበኝ ተሳትፎ የሚሉት ነገር ነው።

መምህራችን ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ጨዋ ሰው ነው። ኪሱን በሰማያዊ ካርድ ሞልቶ ይገባል። ለጠየቀም ለመለሰም ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣል ያደርግለታል። በመጨረሻው ቅዳሜ ያጠራቀምሽውን ስምሽ በተጻፈበት ፖስታ ከተሽ ታስረክቢያለሽ። ከአምስት በታች ያለው ማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም። ካርዱ ላይ ግን የማንም ስም የለም። ይህን ያህል የተማረ ሰው ይህ እንዴት አልታየውም እላለሁ።

ሬዲዮ የምንለው አንድ ጎረምሳ አለ፤ ሠላሳ ያህል ሰብስቧል። አንድ ቀን “ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?” ብሎ ተሰጠው። ሌላ ቀን እጁን አውጥቶ ተነሣና ጥያቄው ጠፋበት፤ “ተውኩት” ብሎ ተቀመጠ፤ ለዚያም ተሰጠው። እኔ ምንባቡን ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ቃሉን ሳሰካካ ሌላው ተሳስቶ ይመልስና ካርዱን ይወስዳል። በአሥራ አንድ ሳምንት አንድም አላገኘሁም። ሬዲዮ “እማማ፣ እርስዎ እኮ ባትሪ ቆጣቢ ነዎት” ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ።

አንድ ቅዳሜ መምህሩን ኮሪደር ላይ ተከትዬ፣ ለሚያዳምጥ ሰው ነጥብ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። “እናቴ፣ ማዳመጥዎን በምን ልወቅ?” አለኝ። እናታችን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ስትለን፣ ካርድም እንደማይገባ አልነገረችንም።

አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። አለቃዋ ቅዳሜን የፈቀደላት ለዚህ ዓመት ብቻ ነው። የመጨረሻው ቅዳሜ ውሃ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ባዶው ፖስታዬ አብጦ አገኘሁት። ካሏት አሥር ካርዶች አምስቱን ከታልኛለች። “እትዬ፣ ለሁለታችንም ይበቃል። መልሱን በሹክሹክታ የሚነግሩኝ እርስዎ አይደሉ?” አለችኝ። ልመልስላት ስል መምህሩ ፖስታውን ሰበሰበው። እንዲያ እላለሁ እንጂ፣ ለመመለስ ጊዜ ነበረኝ።

ጮክ ብሎ ቆጠረ። “እናታችን፣ አምስት” ሲል ክፍሉ አጨበጨበልኝ። እሷ ጋ ሲደርስ፣ ሦስት ቀን ስላረፈደች አንድ ይቀነስባታል አለ። ይህን ደንብ ከዚያ በፊት ከአፉ ሰምተነው አናውቅም። አራት ቀራት፤ ፈተናውንም ተከለከለች። መርፌ የወጋጋውን ጣቷን ታያለች። እኔም አምስቱ የእሷ ናቸው አላልኩም። እህቴ፣ እንደገና ዝም አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ቢሮው ሄድኩ። ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። በሩን ሲከፍትልኝ ምን ብል ጥሩ ነው? የክፍላችን መስኮት አልዘጋ ብሏል አልኩት። መስኮቱ ምንም አልሆነም። እሱ ግን ደስ ብሎት ማስታወሻው ላይ ጻፈና “አዩ፣ መናገር ይችላሉ እኮ” ብሎ ከኪሱ አንድ ካርድ አውጥቶ ሰጠኝ። በገዛ አፌ ያገኘሁት ካርድ ያ ብቻ ነው፤ እሱንም በውሸት። እስከ ቤቴ ድረስ በእሱም በራሴም እየተናደድኩ ሄድኩ።

የተፈታኞቹን ስም ሰኞ ያስረክባል። ልጻፍለት ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ስለ ካርዶቹ ብቻ ስጽፍ ነገሩ የልብስ ሰፊዋ ደግነት ይሆንና እኔ ዳር ቆሜ የማይ እመስላለሁ። እጄ የተፍታታው ለአንቺ መጻፍ ስጀምር ነው። እውነቱ ከታወቀ አምስቱ ለእሷ ይመለሳሉ፤ እኔ እወድቃለሁ፤ ማዋሻውም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይቅር። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቦታ ላይ ተቀምጬ አንብቤያለሁ።

ይቅር በዪኝ ብዬ አላጣድፍሽም። ልጅሽ ስታነብልሽ ግን አፍራልኝ መጀመሪያውን እንዳትዘልብሽ፤ ከዘለለችው አስደግሚያት። ለጉልበትሽ ምሕረቱን ያምጣልሽ። ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጣ።

ታላቅ እህትሽ

ይህን ደብዳቤ በእጄ ገልብጬዋለሁ። ግልባጩ ለአንቺ በፖስታ ይመጣል። ዋናውን ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገብቼ፣ አንብቦ እስኪጨርስ ፊቱ ቆሜ፣ የምሰጠው ለመምህሩ ነው።