የመኪናዋ ጠርዝና የናርጊስ ዘይት

ለማከብርዎት እትዬ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስዎት ጉልበትዎ ደረጃውን የሚያስወጣዎት፣ ዓይንዎም ያለ ሰው እርዳታ የሚያስነብብዎት ሆኖ ቢያገኝዎት ደስታዬ ነው። ሚንያ ዘንድሮ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ጾሙስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጀርባዬ እንደሚያውቁት ነው፤ ጎንበስ ስል ይቆጣል፣ ቀና ስል ይረሳኛል። ሰሞኑን ብዙ ጎንበስ ብያለሁና ብዙ ተቆጥቶኛል።

ስለ ልጄ ስለ ፌቭሮንያ መኪና «ቁልፉን ደብቅባት» ብለው የላኩልኝ ቃል ደርሶኛል። ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዤው ሰነበትኩ። ቁልፉን ግን አልደበቅኩትም። ለምን እንዳልደበቅኩት ልንገርዎትና ከዚያ ይፍረዱኝ።

ፌቭሮንያ ሁርጋዳ ካለ ሆስፒታል፣ ከመድኃኒት ክፍሉ፣ ሥራ ማግኘቷን ሰምተዋል። መኪናዋንም በወሬ ያውቋታል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ቁመቷ ከወገቤ የማያልፍ የእሽቅድድም ዓይነት መኪና ናት። በራሷ ደመወዝ የገዛቻት ስለሆነ ምን አፍ አለኝ? ግን ከዚህ ከኢስማዒሊያ ሁርጋዳ የሚወስደው መንገድ የትኛው እንደሆነ እኔና እርስዎ እናውቃለን። እህትዎን ናርጊስን ከአባ እንጦንስ ገዳም ሲመልሳት ሚኒባሱ የተገለበጠበት የዛዕፋራና መንገድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ከሱዌዝ ወዲያ አልፌ አላውቅም።

ታዲያ ልጅቱ አንድ ቀን ረጅም ካርቶን ተሸክማ መጣች። ውስጡ ጥቁር የላስቲክ ጠርዝ ነው። በሁለቱ በሮች ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚለጠፍ አለው፤ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ፣ ከፓራፋንጎው ሥር፣ ጠጠር የሚመክት ሰፋ ያለም አለው። በዚያ መንገድ ነፋሱ አሸዋና ጠጠር እየወረወረ የመኪና ቀለም እንደሚበላ ነገረችኝ። ጋራዥ ለምን አትወስጃትም ብላት እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ ዕድሜህን ሙሉ የሰው ልብስ ጠርዝ ስትይዝ ኖረሃል። የእኔንም አንተ ያዝልኝ።»

እሺ አልኳት። በልቤ ያልኩት ሌላ ነው። መኪናዋ እጄ ላይ እስካለች ልጄ መንገድ ላይ አይደለችም አልኩ።

ከማንጎው ዛፍ ሥር አስቆምናት። መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች አሮጌ ፍራሽ አንጥፌ በጎኔ ተኛሁ። ጠመኔ ቀለም ላይ አይጽፍም፤ ስለዚህ መስመሩን በወረቀት ፕላስተር አሰመርኩ፤ ልክ እንደ ቀሚስ ጫፍ። ላስቲኩን ሳላጣብቅ ለካሁት፣ ቆረጥኩት፣ ጫፉን በምላጭ አስተካከልኩት። ሥራው ያስደስታል እትዬ፤ ውሸት አልናገርም። ጎረቤቴን ሓጅ በዩሚን ያስታውሱታል፤ ወንበሩን ይዞ መጥቶ ከአጠገቤ ተቀመጠና ዙሪያዋን አያት።

«ይህችን እኮ አይገቡባትም፤ ይለብሷታል እንጂ። ለካ ልብስ ሰፊ ጋ የመጣችው በደንብ አስባበት ነው» አለ።

ልጅቱ እንዳስተማረችኝ ቀለሙን በሳሙና አጠብኩ፣ በአልኮል ወለወልኩ። ከዚያ የሙጫውን ቀይ ሽፋን ከመላጤ በፊት ወደ ቤት ገባሁና ከጌታ ሥዕል ኋላ ያስቀመጥኳትን ብልቃጥ አወጣሁ።

ብልቃጧን ያውቋታል። ናርጊስ ያን ቀን ከአባ እንጦንስ ይዛት ትመለስ የነበረችው የተቀደሰ ዘይት ናት። ዕቃዋን ሲያስረክቡን መነጽሯ ደቅቆ ነበር፤ ቦርሳዋ ተቀዶ ነበር፤ ብልቃጧ ግን የታሸገችበት ሰም እንኳ አልተነካም ነበር። እኔም ከፍቻት አላውቅም። ለማን አስቀምጫት እንደኖርኩ ለራሴም አልገባኝም። አሁን ግን ሰሙን በመርፌ ወጋሁት። ላስቲኩ የሚያርፍበትን ቦታ እየተከተልኩ በየስንዝሩ በአውራ ጣቴ መስቀል አደረግኩ። ከጠርዙ ሥር ቢሆን ማንም አያየውም፤ እርሷ ትንዳ፣ ቅዱሱ ይጠብቃት ብዬ ነው። ከዚያ አጣበቅኩ።

ጠዋት ስነሳ ጠርዙ እዚህም እዚያም ተላቆ ነበር። በአዲስ ቁራጭ እንደገና አጣበቅኩት፤ ከማጣበቄ በፊት ደግሞ መስቀሉን ደገምኩት። እንደገና ተላቀቀ። ፌቭሮንያ እዚህ ገና ካልለቀቀችው ሥራዋ ስትመለስ አሳየኋትና «አየሽ፣ እምቢ አለ» አልኳት።

«አባባ፣ ሙጫ እምቢታ አያውቅም። የሆነ ነገር አለ» ብላ ገባች።

ከእርስዎ የምደብቀው የለም፤ ሲላቀቅ ደስ ይለኝ ነበር። ምልክት ነው እል ነበር። እግዚአብሔር ራሱ መንገዱን እየዘጋላት ነው እል ነበር። ሓጅ በዩሚ ግን በሦስተኛው ጊዜ ፍራሼ ላይ ተኝቼ ሲያገኘኝ ሻዩን ፉት እያለ «የዚህች ሙሽራ ቀሚስ አያልቅም። ሠርጉን ያልወደደው ልብስ ሰፊው ነው መሰለኝ» አለኝ።

ሳቅኩለት። እሑድ በቅዳሴ ላይ ግን ነገሩ ተመልሶ መጣብኝ። ካህኑ ስለ መንገደኞች ሲጸልይ እኔም እንደ ወትሮዬ ልጄን ጠራሁ፤ አፌ «ጠብቃት» ይላል። ልቤን ብሰማው «አስቀርልኝ» ይላል። ሁለቱ አንድ ጸሎት ይመስሉኝ ነበር እትዬ። አይደሉም። እግዚአብሔር የትኛውን ሲሰማኝ እንደኖረ እንጃ።

ከቅዳሴ ስመለስ ፌቭሮንያ ጠርዙን ከበሩ ላይ ገንጥላ፣ ጀርባውን ወደ ፀሐይ ገልብጣ ይዛው ቆማለች። ጠራችኝ። ሙጫው ላይ ትንሽ የሚያበራ መስቀል ታትሟል። ከእርሱ ቀጥሎ ሌላ አለ። ከዚያም ሌላ። ሙጫው የለቀቀው መስቀሉ ባረፈበት ባረፈበት ነበር።

«ይህ ያንተ አውራ ጣት ነው» አለች።

አልካድኩም። የምን ዘይት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

ከመኪናዋ በር ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ወይም የምትስቅብኝ። ሁለቱንም አላደረገችም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«የእናቴን ዘይት፣ እኔን ሳትቀባኝ ቆርቆሮ ቀባህበት?»

ብልቃጧን አመጣሁ። ጥቂት ቀርቶባት ነበር። እዚያው ማንጎው ሥር ግንባሯን ቀባሁ፣ ሁለት እጆቿንም ቀባሁ፤ መሪውን የሚይዙት እነርሱ ናቸውና። እንደ ሕፃንነቷ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከዚያ ተነስታ ጥጥና አልኮል ሰጠችኝ። «አንተው ጥረገው» አለችኝ። እኔው የቀባሁትን መስቀል እኔው አንድ በአንድ መጥረግ እንዴት እንደከበደኝ እርስዎ ይገምቱት። ጠረግኩት።

ጥጡ ግን የተቀደሰ ዘይት ነክቶታልና ቆሻሻ ላይ አይጣልም። አንዱንም ሳታስቀር ለቅማ፣ ከታጠበ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ከታ ከደነችው። በምድጃ እናቃጥለው ይሆን ብላት «ከመጣበት ይመለስ» አለች። ብርጭቆውንም እኔ ከምተኛበት አልጋ ራስጌ ሄዳ አስቀመጠችው።

ጠርዙን አብረን አጣበቅነው። እርሷ በጸጉር ማድረቂያ ቀለሙንም ላስቲኩንም ታሞቃለች፤ እኔ በደረቅ ጣቴ ከፊት ወደ ኋላ እየተጫንኩ እከተላለሁ። እስኪይዝ ድረስ ውኃ ሳናስነካ ተውነው። በማግስቱ ሓጅ በዩሚ በጥፍሩ ሊፈለቅቀው ሞከረ፤ አቃተው። «ይኸውልህ! አሁን አብሯት የተወለደ ነው» አለ። ፌቭሮንያ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ቁልፉን ሰጠኋት። እትዬ፣ ይህን ነው ያደረግኩት።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ቤቴ ሆኜ ነው። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ቢንጋደድብዎት ይቅር ይበሉኝ። ዛዕፋራና ላይ መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ነን፤ ጠረጴዛው የቆርቆሮ ነው፤ ነፋሱም ከባሕሩ በኩል እየመጣ ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ይታገላል፤ በጨው ዕቃ አስይዤዋለሁ። ፌቭሮንያ የጾም ፉል ልታዝዝ ገብታለች። ቅድም ዞሬ ጠርዙን አየሁት። ላስቲኩን አንድ ሁለት ቦታ ጠጠር ጫር ጫር አድርጎታል። ቀለሙ ግን ምንም አልሆነም። ብርጭቆዋ እጉልበቴ ላይ ናት። ከዚህ ወዲያ ገዳሙ ሩቅ አይደለም አሉኝ።

ለፋሲካ ሚንያ እንመጣለን። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ናት የምትይዘው፤ ስለዚህ እርስዎን ከተማውን ስታዞርዎት እኔ ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሻሽዎን ግን አጥብቀው ይሰሩ፤ ጣሪያዋን መክፈት ትወዳለች፤ እኔ ቆቤን ዛሬ አጥቻለሁ።

የአባቶች አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ዓይንዎን አያደብዝዝብዎት፤ የእኛንም የእርስዎንም መንገድ ያቅናልን። ለናርጊስ ስንጸልይ ከእኛ ጋር ይጸልዩ። ጥሩምባውን እየነፋችብኝ ነው፤ ልሂድ።

የታናሽ እህትዎ ባል