በአባታችን ስም የሚጠራው ዋይፋይ

ወላይታ ሶዶ

ለተወደድከው ታናሽ ወንድሜ፣

አንተ፣ ፈጠነችና ልጆቻችሁ እንደምን ከረማችሁ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያማርራል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ስለ አንተ ጤና ብዙ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ሳልህን በየማለዳው እሰማዋለሁ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ የተሻለህ ይመስላል። ዝንጅብሉን አትተው።

አጥር ለአጥር እየኖሩ ደብዳቤ መጻፍ ምን የሚሉት ነው እንደምትል አውቃለሁ። ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። የእናታችን አቮካዶ ለመኪናህ መግቢያ ይቆረጥ፣ አይቆረጥ ብለን ተጣልተን ያንን ቆርቆሮ መሃላችን ካቆምን ሁለት ዓመት ሆነን። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ በር አንኳክቼ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅበትም። ስጽፍ ይቀለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዋይፋያችን አበሳጨን። ሳሎን ራውተሩ አጠገብ ተቀምጠን ምንም የለም፤ ጓዳ ስንገባ ይሠራል። ልጄ ቤቴል ከሥራ መልስ በኢንተርኔት ትማራለች፤ ፈተና መሃል ቁርጥ ሲልባት እንባዋ ይመጣል። ስልክ ይዘን ቤቱን ስንዞር እንዳይቋረጥ ብላ ሁለተኛ ራውተር ገዛችና ያንኑ የአባታችንን ስም ሰጠችው። ባሰበት። እኔም ያላማረርኩት ሰው፣ ያልሰደብኩት ድርጅት የለም።

በመጨረሻ የቤቴል የሥራ ባልደረባ ዘሩባቤል መጣ። ሁለቱንም ራውተሮች ከሶኬት ነቀለና በሉ አሁን ስልካችሁን እዩ አለን። ወንድሜ፣ እኔ ስልክ ላይ የከፈትኩት ስብከት እንደቀጠለ ነው! ሦስተኛ ራውተር አላችሁ ወይ ሲለኝ እንደሌለን ምዬ ነገርኩት። ቤቴል ስልኳን ይዛ ሲግናሉ እየጠነከረ ወደሚሄድበት ተከተለችው። ጓዳውን አለፈች፣ ጓሮውን አለፈች፣ ቆርቆሮው ሥር ደርሳ ቆመችና ሳቋን ለቀቀችው።

ለካስ ያንተ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደሜ ፈላ። የአባቴን ስም ቀማኝ አልኩ። ጩማ ብለህ የጻፍክበት የእንግሊዝኛ ፊደል እንኳ አባታችን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ያስጻፈው ነው፤ እኔም የጻፍኩት ያንኑ ነው። ዘሩባቤል ግን ስሙ ብቻ ቢመሳሰል ስልካችሁ ሰው ቤት አይገባም ነበር፣ የይለፍ ቃሉም አንድ ነው ማለት ነው አለኝ። የእኔ የእናታችን ስምና የድሮው ቤታችን ቁጥር ነው። ነግረሻቸዋል ወይ ብዬ ቤቴልን አፋጠጥኳት፤ አልነገረችም። ኋላ ፈጠነችን ገበያ አግኝታ ብትጠይቃት፣ እሱ ራሱ ነው ያወጣው፣ ከእናቱ ስም ሌላ ምን ያስታውሳል ብላ ሳቀች አሉ። ይህን ስሰማ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

የእኛ መስመር ለካ በሰኔው መብረቅ ተቃጥሎ ኖሯል። ራውተሮቻችን ስሙን ያሳያሉ እንጂ ኢንተርኔት የላቸውም። ስሙ አንድ ስለሆነ ስልኮቻችን የቱን እንደያዙ ማን ይወቅ? አጠገባቸው ስንሆን ባዶዎቹን ይይዛሉ፤ ወደ አጥሩ ስንጠጋ ያንተን። ክረምቱን ሙሉ የኖርነው በአንተ ነው። እኔ ግን በጸሎት ቤቱ በር ላይ ሳገኝህ ፊቴን አዞርብህ ነበር። አፈርኩ፣ ወንድሜ።

ዘሩባቤል ደግሞ ራውተር የሚቀመጠው ቤት መሃል ነው፣ የእነሱ እንዴት እዚህ ድረስ ደረሰ ብሎ ተገረመ። በዚህ ዕድሜዬ ወንበር ላይ ወጥቼ በቆርቆሮው አናት ወደ ግቢህ አየሁ። ባለቤቴ ወንበሩን ይዛ ትስቅብኛለች። ያንተ ራውተር በእኛ በኩል ባለው መስኮት ላይ፣ መጋረጃው ተገልጦለት ተቀምጧል። የራውተሩ ባለቤት የማን ስልክ እንደገባ ማየት ይችላል ወይ ብዬ ዘሩባቤልን ጠየቅኩት። በየስማቸው ያያቸዋል አለኝ። ለካስ እያወቅክ ነው። ከወንበሩ ወርጄ ጥቂት ተቀመጥኩ።

አሁን መስመራችን ተጠግኗል። ዘሩባቤል ነገሩ እንደገና እንዳይምታታ ከሁለት አንዳችሁ ስሙን ቀይሩ፣ ከፈለጉ አሁኑኑ ልቀይርልዎት አለኝ። በአባቴ ስም ላይ ብቻዬን አልወስንም፣ ወንድም አለኝ አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ስንት ጊዜዬ ነው!

ጊፋታ ደርሷል፣ ኢሻ፣ ወንድሜ። ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት እንደማይገባ ከልጅነታችን እናውቃለን፤ አምናም ካቻምናም ግን እያወቅን አጠፋን። ሥጋውን ለየብቻችን በላን። እኔ እንኳ ዳጣው ራሱ አልጣመኝም። ዘንድሮ ቅርጫው ሲመዘገብ የሁለታችንን ድርሻ አንድ ላይ አስያዝኩ። ሳላማክርህ ነው፤ ታላቅነቴ ይህን ያህል ይፍቀድልኝ። የዋይፋዩን ስምም የመግቢያውንም ነገር ከበላን በኋላ እንጨርሰዋለን።

ስትመጣ በውጭው በር ዞረህ እንግዳ እንዳትሆንብኝ። ከአጥሩ የሁለቱን ቆርቆሮ ምስማር በእኔ በኩል ነቅዬ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ያንተ በኩል ነው። መዶሻ ከሌለህ በላይ አቀብልሃለሁ።

እግዚአብሔር ቤትህን ያሙቀው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እጅህን ይባርከው። ዮ ዮ ጊፋታ!

ታላቅ ወንድምህ